ከማን አፍ ይውጣ

የደብተሩ ግራና ቀኝ አይተዋወቁም ነበር። በግራው ገጽ፣ በታላቅ ወንድሟ የተንጋደዱ ትልልቅ ፊደሎች፣ «ሰኞ ጠዋት፦ 96። ቁርሱን በልቷል። ቀልዷል። ማክሰኞ ጠዋት፦ 95። ሬዲዮ ክፈቱልኝ ብሏል። ረቡዕ ጠዋት፦ 96። ደህና ነው» ይላል። በቀኙ ገጽ፣ በእሷ ደቃቅ ጽሑፍ፣ «ሰኞ ማታ፦ 87። ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ ሁለቴ አረፈ። ማክሰኞ ማታ፦ 86። ከንፈሩ ጠቁሯል። ረቡዕ ማታ፦ 84» ይላል። ደብተሩን ለማያውቃቸው ሰው ቢያሳዩት፣ ወይ በቤቱ ውስጥ ሁለት በሽተኛ ተኝቷል ይላል፣ ወይ ደግሞ አባትየው ማታ ማታ እየታመመ ጠዋት ጠዋት የሚድን ተአምረኛ ነው ብሎ ይገረማል።

የተኛው ግን አንድ ሰው ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ በርና ቁም ሣጥን ሲሠራ የኖረ አናጺ። ወረርሽኙ ሰፈሩን መጎብኘት በጀመረ በሁለተኛው ወር ሳል ያዘው፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ትኩሳቱ ለቀቀውና ትንፋሽ ማጠር ተተካ። ጣት ላይ የምትቆነጠጠውን የኦክስጅን መለኪያ ያዋሰቻቸው ጎረቤታቸው ናት። ጣት ነክሳ ስለምትይዝ አባትየው «ጉንዳኗ» ብሎ ስም አወጣላት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ትደውልና አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች፤ «ዛሬ ስንት ሆነ?» ከዘጠና በታች ከወረደ ሆስፒታል ይገባል፤ ካልወረደ እቤቱ ይቆያል።

ስልኩን የሚያነሣው ወንድምየው ነው። የሚኒባስ ሾፌር ነው፣ ሰፈሩ «ፍሬን የለሽ» የሚለው። ቀኑን ሙሉ የስንቱን ትንፋሽ ሲጭን ስለሚውል ከታማሚው ክፍል ድርሽ አይልም፤ የሚያድረው እንኳ ከግቢው በር ላይ ባቆማት መኪናው ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ከተዘጋው የክፍሉ በር ውጭ ደብተሩን ይዞ ይቆማል፤ እናትየው ከውስጥ ትለካለች፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትጠራለች፣ እሱ ይጽፋል። የማታው ተራ የእህቱ ነው። እሷ በልብስ ፋብሪካ ማስክ ትሰፋለች፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገብታ ማምሻውን ትወጣለች። እቤት ስትደርስ እናቷን አሳርፋ፣ ውሃ አፍልታ፣ አንሶላ ቀይራ፣ አባቷን በሆዱ አስተኝታ፣ ሾርባ በማንኪያ አጉርሳ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ሆና ትንፋሹን እየቆጠረች ታድራለች። አሥራ አንድ ቀን ሆናት። አስፋልት ስታቋርጥ እንኳ እንቅልፍ ይወስዳት ጀምሯል።

ማክሰኞ ዕለት ራሷ ለነርሷ ደውላ የማታውን ቁጥር ነግራት ነበር።

«ማታ ሰው ይደክማል፣ እጁም ይቀዘቅዛል» አለቻት ነርሷ፣ የራሷ ድምፅም የደከመ። «እጃቸውን በሞቀ ውሃ ነክረሽ ሌላ ጣት ላይ ሞክሪ። ጠዋት ደግሞ እናየዋለን።»

ነከረች። መዶሻ ደርሶበት በማያውቀው ትንሿ ጣቱ ላይ ሞከረች፤ ቁጥሩ ያው ነው። ጠዋት ግን ወንድሟ ዘጠና ስድስት አለ፣ ነርሷም እፎይ አለች።

ረቡዕ ማታ፣ ሰማንያ አራትን ጽፋ እንደጨረሰች፣ ደብተሩን ይዛ ወደ መኪናው ሄደች። ወንድሟ መቀመጫዎቹን በበረኪና እየወለወለ ነበር።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቁጥሩን እያሳመርከው ነው?»

«እኔ? እኔ የምጽፈው እማማ ከውስጥ የጠራችውን ነው። ጨምሬም ቀንሼም አላውቅም።»

«ታዲያ ጠዋት ዘጠና ስድስት የነበረ ሰው፣ ማታ ሰማንያ አራት የሚገባው በየት በኩል ዞሮ ነው?»

«እሱን ለዓይንሽ ጠይቂው። ከፋብሪካ ስትመጪ ክር ከመርፌ መለየት አቅቶሽ አይደል እንዴ?» ጨርቁን ጨመቀ። «ሰው እየሞተ ይቀልዳል? ዛሬ ጠዋት በበሩ ሥር ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ፍሬን የለሽ፣ ተሳፋሪ ጠፋ ብለህ እኔን ልትጭን ነው የቆምከው?› አለኝ። ይሄ የታመመ ሰው አፍ ነው?»

«ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።»

«ተረት ተይ!» አላት። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ስሚ እታለም፣ ደክሞሻል። አልፈርድብሽም። ግን ደከመኝ ብለሽ አባባን ሆስፒታል አትጣይው።»

ነገሩ ውሸት ቢሆን ኖሮ ጮሃ ትመልስለት ነበር። ባለፈው እሑድ አባቷን ስታገላብጥ፣ ‹ሆስፒታል ቢገባ እኮ አንድ ሌሊት ሙሉ እተኛ ነበር› የሚል ሐሳብ ሳታስበው ሽው ብሎባት ነበር። ከዚያ ወዲህ የገዛ ዓይኗን ማመን አቃታት። ቁጥሩ የወረደው አባቷ ስለታመመ ነው ወይስ እሷ እንዲወርድ ስለፈለገች?

ወንድሟም ቢሆን ያለ ነገር አልፈራም። ከስድስት ሳምንት በፊት አጎታቸውን፣ የአባታቸውን ታናሽ፣ ሆስፒታል ያደረሰው እሱ ነው። ሰውየው አልሄድም ሲል «ሦስት ቀን ነው አጎቴ፣ ሂድ ግድ የለም» ብሎ ያሳፈረውም እሱ ነው። የተመለሰው በፌስታል የታሰረ ጫማና የእጅ ሰዓት ነበር። የአጎታቸው ልጆች እስከ ዛሬ የእሱን መኪና ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ሐሙስ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ጨርቅ አልቋል ተባሉ። ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ እሷ ምንም አላለችም፤ እግሯ ራሱ ወደ ቤት መለሳት። ወንድሟ እንደ ልማዱ ከክፍሉ በር ውጭ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ ቆሟል። ሰላምም ሳትለው በጓሮ ዞረች፣ ገንዳው ላይ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ማስኳን አጠበቀች፣ ከአባቷ ሥራ ቤት ወደ ክፍሉ በምታስገባው ጠባብ በር ገባች።

እናቷ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። የአባቷ ሁለቱም እጆች ብርድ ልብስ ውስጥ ናቸው። ጉንዳኗ የነከሰችው የእናቷን ጣት ነው።

«ዘጠና ስድስት!» ብላ ጮኸች እናትየው ወደ በሩ።

«ተመስገን!» አለ ከውጭ ወንድምየው። «ጻፍኩ!»

እናትየው ዞር ስትል ከልጇ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እጇን ፈጥና ከሹራቧ ሥር ሸሸገች፤ የመለኪያዋ ቀይ መብራት ግን በሱፉ ውስጥ ይታይ ነበር።

«አንቺ! ሥራ የለም እንዴ ዛሬ?»

«የለም። እማማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ተያዝን» አለ አባትየው። ለዚህች አንዲት ቃል ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። «እሷን አትቆጪያት መርፌዬ። እኔ ነኝ… ያልኳት።»

ነገሩን ያወጣው በየሁለት ቃሉ እያረፈ ነው። የመጀመሪያው ቀን እናትየው መለኪያዋን በቀኝ አመልካች ጣቱ ላይ አደረገችው። ያ ጣት የአርባ ዓመት መዶሻ ያረፈበት፣ ጥፍሩ ጠቁሮ እንደ ቀንድ የወፈረ ነው፤ በዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት እጁ በረዶ ነው። መለኪያዋ ቁጥር ትታ ሰረዝ ብቻ አሳየች።

«ሰረዝ ማለት የሞተ ሰው ነው ብላ… ፊቷ አመድ መሰለ። እኔም ‹ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል አይደል የሚባለው? ባንቺ ለኪው› አልኳት። ለቀልድ ነበር።»

«በማግሥቱስ?»

«በማግሥቱ…» አባትየው ወደ ሚስቱ አየ። «ደስ አላት።»

«አላወቅሁም አልልሽም» አለች እናትየው፤ እጇን ከሹራቧ አውጥታ ጣቷን እንደ ባዕድ ነገር እያየች። «መሃይም አይደለሁም፣ የማን ጣት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ዘጠና ስድስት ብዬ ስጮኽ ወንድምሽ ከውጭ ‹ተመስገን› ይላል። ቀኑን ሙሉ የምውለው በዚያች ቃል ነው። አንቺ ማታ መጥተሽ ትወስጂብኛለሽ፣ ጠዋት ደግሞ እመልሳታለሁ።»

ልጅቷ ልትቆጣ ፈለገች። ለቁጣም ግን ጉልበት ያስፈልጋል፤ እሷ ጋ አልነበረም። ከቴርሞሱ የሞቀ ውሃ በሣህን ቀድታ የአባቷን ግራ እጅ ነከረች፣ አደረቀች፣ ትንሿ ጣቱ ላይ መለኪያዋን አደረገች። ፀሐይ በመስኮቱ ቀጥ ብላ ገብታ ነበር፤ የሚሳሳት ዓይን፣ የሚያሳብቡበት ጨለማ አልነበረም። ቁጥሩ ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ።

«ሰማንያ አንድ» አለች፣ ሳትጮህ።

ከውጭ ያለው ግን ሰማ። በሩ ተከፈተና ወንድሟ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፉን ተሻገረ። የአባቱን ፊት አየ። በበሩ ማዶ ሲቀልድበት የከረመው ድምፅ የማን እንደሆነ አሁን ገና ያየው መሰለ፤ ጉንጩ ሰርጎድ ብሏል፣ ከንፈሩ ቀለም እንደነካው ጠቁሯል፣ አንገቱ በየትንፋሹ ጎድጎድ ይላል።

«አባባ፣ እንዲህ ሆነሃል እንዴ?»

«አንተ ደግሞ… እንዲህ ወፍረሃል እንዴ?» አለ አባትየው። ማንም አልሳቀም።

ስልኩ ጮኸ። ሦስት ሰዓት ነው። ወንድምየው ስልኩን አይቶ ለእህቱ ሰጣት። ደብተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለነርሷ ነገረቻት፤ የማን ጣት እንደነበረም ጭምር። ነርሷ ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ አልጋ እንዳለ ነገረቻት። «ዛሬ ጠዋት ነው የተለቀቀው። እንዴት ተለቀቀ ብለሽ አትጠይቂኝ» አለች። «እስከ አራት ሰዓት እይዘዋለሁ፣ ከዚያ አልችልም። አስታማሚ አይገባም፣ ጠያቂም አይገባም። ይድናሉ ብዬ አልምልልሽም። እቤት ግን በዚህ ቁጥር ብዙ አይቆዩም። ወስኑና ደውሉልኝ።»

አንድ ሰዓት ነበራቸው፤ መንገዱ ብቻ ግማሹን ይበላል።

«ምን አለች?» አለች እናትየው፣ የተባለውን ሁሉ ሰምታ እያለች።

«ወስኑ አለች።»

የአባትየው ትንፋሽ ብቻ እንደ ደነዘ መጋዝ ይሄዳል ይመጣል።

«ከእኔ አፍ አይወጣም» አለች እናትየው በመጨረሻ። «አርባ ዓመት አብሬው በልቼ፣ ብቻህን ሂድ የሚል ቃል ከእኔ አፍ አይወጣም። እቤት ይቅር ብዬም አልይዘውም። አትጠይቁኝ።»

«እኔ እነዳለሁ» አለ ወንድምየው፣ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እያገላበጠ። «ንዳ ካላችሁኝ እስከ ዓለም ጫፍ እነዳለሁ። ሂድ የሚለውን ግን አንዴ ብያለሁ። ሁለተኛ አልልም።»

ልጅቷ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከች። «አባባ፣ አንተስ? ያንተ ነው እኮ።»

አባትየው ዓይኑን ጨፈነ። «ልሂድ ብል… እናትሽ ጥሎኝ ሄደ ትላለች። ልቅር ብል… እናንተ ስትጸጸቱ ትኖራላችሁ። ደክሞኛል መርፌዬ። ትንፋሽ ያለው… ይወስን።»

ትንፋሽ ያለው። ወንድሟን አየችው፤ ቁልፉን ማገላበጥ አላቆመም። እናቷን አየቻት፤ ጣቷን እየደጋገመች በሹራቧ ትጠርጋለች። ሦስቱም የሚጠብቁት እሷን እንደሆነ ገባት። የቤቱ ሰው ሁሉ ቁጥሩን በሌላ ሰው አፍ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ሰው ጣት ሲያሳልፍ ከርሞ፣ አሁን የሚያሳልፍበት ሰው አልቆበታል።

እሑድ የመጣባት ሐሳብ ተመልሶ መጣ። አሁንም ያው ነው፤ አሁንም መተኛት ትፈልጋለች፣ አጥንቷ ውስጥ ድረስ። ይህን ፍላጎቷን እስክትጥለው ብትጠብቅ አራት ሰዓት ያልፋል። እሷ መድከሟ እውነት ነው፤ አባቷ አየር ማጣቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን ውሸት አያደርገውም። ይህን ለማወቅ አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት።

ተነሣች። የአባቷን ሹራብ ከወንበሩ ላይ አንሥታ ለእናቷ ሰጠቻት፣ ከዚያ የነርሷን ቁጥር መልሳ ደወለች። ስልኩ እየጠራ ሳለ ሦስቱም እንዲሰሟት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አባባ ሆስፒታል ይገባል። ይግባ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጋሼ አላለም፣ እማማ አላለችም። ደክሟት ነው የላከችው የሚል ካለ፣ ይበል፤ ደክሞኛል። ሳንባው ግን የእኔ ድካም እስኪወጣልኝ አይጠብቅም። ጋሼ፣ መኪናዋን አስነሣ።»