ያልተንኳኳው ካራቫን

እኛ መንገድ ላይ ከሰው ይልቅ ተሳቢ ይበዛል። ጀልባ የተጫነበት፣ ፈረስ የሚጓጓዝበት፣ የአትክልት ቆሻሻ የሚሞላበት፣ ዝገት ብቻ የቀረው፣ ሁሉም አስፋልቱ ዳር ተሰልፏል። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ተሳቢ አንድ ቦታ ከወር በላይ እንዳይቆም፣ ውስጡም ሰው እንዳያድርበት የሚል ደንብ አለው። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ታዲያ የት እናቁመው? ጣራ ላይ?

ስለዚህ የራሳችን መላ አለን። የተቆጣጣሪዋ ነጭ መኪና ብቅ ስትል ቀድሞ ያየ ሰው የራሱንም የጎረቤቱንም ተሳቢ ጎትቶ ከመታጠፊያው ወዲያ ያቆማል። ተሳቢውን ከመኪና የሚያያይዘውን መንጠቆ ቁልፍ ሁላችንም ከጎማው ጀርባ እናስቀምጣለን። ማንም ማንንም አያስፈቅድም። ተሳቢህን ቦታው ላይ ካጣኸው ዞር ብለህ ትፈልገዋለህ፣ ለጎተተልህ ሰው ቢራ ይዘህለት ትሄዳለህ፣ በቃ።

የኔ ካራቫን፣ አልጋና ጠረጴዛ ያለው ተሳቢ ቤት፣ ጣጣው ግን ሌላ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ዳረል ይኖርበት ነበር። ትዳሩ ፈርሶ የሥጋ ፋብሪካውም ካሰናበተው ወዲህ ክረምቱን ሙሉ እዚያ ነው ያሳለፈው። «ቤት ግባ፣ ሳሎኑ ባዶውን ነው» ብዬ ያልለመንኩት ጊዜ የለም። «የእህቴ ጥገኛ አልሆንም» ይለኛል፤ ደጃፌ ላይ፣ በኔው ካራቫን ውስጥ ተኝቶ! ምን ይባላል? መጋረጃውን አይገልጥም፣ ሰው እንዳያየው መንገዱ ጭር እስኪል ጠብቆ ነው የሚወጣው። ጎረቤት ሲጠይቀኝ «ዕቃ አስቀምጬበት ነው» እላለሁ። ስዋሽ ፊቴ ይቀላል፣ ግን ማንም ነገሬ ብሎ አያውቅም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ካራቫኑ ላይ ብርቱካንማ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ አገኘሁ። ካልተነሳ ይወሰዳል ይላል። የምሠራው የአረጋውያን ማረፊያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ ወገቤ ተቆርጦ ነበር የመጣሁት።

«ነገ አንድ ነገር አደርጋለሁ» አለኝ ዳረል በመስኮቱ።

«ነገ፣ ነገ! ሰለቸኝ! ወይ አንተ አንሳው፣ ወይ ራሴ ደውዬ አስነሳዋለሁ!» አልኩና የቤቴን በር ድርግም አድርጌ ገባሁ።

ልደውል? እኔ? ከአፌ አምልጦኝ ነው እንጂ ሞቼ ነው የምደውለው።

በማግስቱ ስመለስ ቦታው ባዶ ነበር። ክው አልኩ። ፊት ለፊት የሚኖረው ክላይቭ፣ ጡረታ የወጣው ዓሣ አጥማጅ፣ ጀልባውን እያጠበ ነው።

«ክላይቭ፣ ካራቫኔስ?»

«ከኳስ ሜዳው ጀርባ ነው። ሴትዮዋ ከላይ ስትመጣ አየኋት፣ ያንቺን ቀድሜ አስመለጥኩልሽ። ቢራዬን እንዳትረሺ።»

«ሳታንኳኳ ጎተትከው?»

ክላይቭ ቧንቧውን ዘጋ። «ምኑን ነው የማንኳኳው?» አለ፤ ፊቴን ግን አላየም።

ወደ ሜዳው ሮጥኩ። የካራቫኑ በር ገርበብ ብሏል። ወለሉ ላይ ስኒ ተሰብሯል። አልጋው ተነጥፏል፤ ዳረል በሕይወቱ አልጋ አንጥፎ አያውቅም። ልብሱም የለም። ቀን ደግሞ አይወጣም፤ ሲጎተት ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ለምን አልጮኸም? ግድግዳውን ለምን አልደበደበም? ከዚያ የትናንቱ ንግግሬ ትዝ አለኝ። እኔ ደውዬ ያስወሰድኩት መስሎት ነው!

ክላይቭ በፒካፑ ተከትሎኝ መጣ።

«ውስጡ እኮ ሰው ነበረ!» ብዬ ጮህኩበት። «ዳረል ነበረ!»

«አውቃለሁ፣ ሞሪን» አለኝ። «መንገዱ ሁሉ ያውቃል። ለዚያ እኮ ነው ቀስ ብዬ የነዳሁት።»

«ታዲያ ምን አለ ብታንኳኳ?»

«ካንኳኳሁማ ማወቄን ያውቃል። ሰውዬው ያን ያህል ሲደበቅ ከርሞ፣ እኔ በምን አንጀቴ ላሳፍረው?»

በጥፊ ልለው ፈለግኩ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እለው ነበር።

ዳረልን ያገኘነው ከነዳጅ ማደያው አጠገብ፣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚቆምበት ወንበር ላይ ነው።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ወደ ሰሜን። ሙዝ ለቀማ ሥራ አይጠፋም አሉ።»

«በዚህ ጉልበትህ ሙዝ ልትሸከም? ስማኝ፣ እኔ አልደወልኩም። የጎተተህ ክላይቭ ነው።»

«እኔ ነኝ፣ ወንድሜ» አለ ክላይቭ። «ጉብታው ላይ ካንገጫገጭኩህ ይቅርታ።»

የዳረል ፊት እስከ ጆሮው ቀላ። «መኖሬን ታውቅ ነበር?»

«ማንኮራፋትህ እኛ ቤት ድረስ እየመጣ፣ እንዴት አላውቅ?»

ክላይቭ ሊያስቀው ነበር ያሰበው። ዳረል አልሳቀም። ግን ተነሥቶ ከኛ ጋር ፒካፑ ውስጥ ገባ። ሦስታችንም የፊት ወንበሩ ላይ ተጣብበን ጥቂት እንደሄድን፣ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

«መሬት ላይ ተኝቼ የጠረጴዛውን እግር ይዤ ነበር።»

«ለምን አልጮህክም?»

«አንቺ ያስወሰድሽው መስሎኝ ነዋ።»

«ታዲያ አልተናደድክብኝም?»

«በምን ልናደድ? ክረምቱን ሙሉ ታግሠሽኛል። እውነቷን ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ምነው በሰደበኝ! ከዚያ ንግግር ስድብ በስንት ጣዕሙ።

ቤት ስንደርስ ነጯ መኪና ደጄ ላይ ቆማለች። ተቆጣጣሪዋ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ ልጅ እግር ናት።

«እሜቴ፣ ካራቫንዎን ሜዳው ጋ አየሁት» አለችኝ። «ባለፈው መስኮቱ ላይ ካልሲ ተሰቅሎ ነበር። ሰው የሚኖርበት ከሆነ የትም ጥግ ቢያዞሩት እወስደዋለሁ።»

«ማንም አይኖርበትም። ይሄ ወንድሜ ነው። የሚኖረው ከኔ ጋር፣ እዚህ ቤት ውስጥ ነው።»

ወደ ዳረል ዞረች። «እውነት ነው፣ ጌታዬ?»

ዳረል የቤቴን በር አየ። «አዎ፣ እዚህ ነው የምኖረው» አለ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

ልጅቷ አልሄደችም፤ ቆማ ታየናለች። እንግዲህ እዚህ የሚኖር ሰው ወደ ቤቱ መግባት አለበት። በሩን ከፈትኩ። ዳረል ጫማውን ምንጣፉ ላይ እየደጋገመ ጠረገና ገባ፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ሄዶ ቁጢጥ አለ። ደስታው አስለቀሰኝ፣ አልዋሽም። ፊቴን እንዳያይብኝ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ተቆጣጣሪዋ ከክላይቭ ጋር ትንሽ አወራች፣ መኪናዋ ውስጥ ገባች፣ መታጠፊያው ላይ ታጠፈች።

«ሄደች» አልኩ።

ወንድሜ ከሶፋው ተነሣ።

«እንግዲያው አሁን ልውጣ?» ብሎ ጠየቀኝ።