ባስ የሌለው ሬጌ

የሙሽራው አጎት ሬጌ ያውቃል። ያውቃል ስል ራሱ እንደሚለው ነው እንጂ እኔ በየት በኩል ልመስክርለት! ሥራው መድን ድርጅት ውስጥ ወረቀት ላይ ማህተም መምታት ነው፤ እህቱ ቤት ሲገባ ግን አዋቂ ይሆናል። «ሊቁ» ይሉታል። ሲያፌዙበት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የምራቸው ነው።

የልጅ ልጄ ሰርግ ሲቃረብ የመስተንግዶውን ዘፈን እንምረጥ ተባለና የሙሽራው እናት ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰብን። የድሮ ሬጌ ይሁን ያለችው ራሷ ሙሽሪት ናት፤ እኔ ስላሳደግኳት ልጄ ነው የምላት። ለምን እንደሆነ የምናውቀው እኔና ሙሽራው ብቻ ነን። በሕፃንነቷ ትኩሳት ጆሮዋን ጎድቶታል፤ ንግግር የምትለየው ከንፈር እያየች ነው። የሬጌ ባስ ግን፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ በወለሉ ሳንቃ አድርጎ እግሯ ድረስ ይመጣላታል። ለአማቶቿ አንናገርም ብለናል። የሰው አፍ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም ሐሜቱ የሚደርሰው ለእኔ ነው።

ሊቁ ሁለት ካርቶን የዘፈን ሸክላ ተሸክሞ መጣ። አራስ ልጅ እንደሚያጥብ ሰው አንድ በአንድ በጨርቅ ይወለውላል።

«ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘፈን አይገባም» አለ። «ያ የታክሲ ሙዚቃ ነው።»

«ሰርጉ ላይ የሚመጣውስ ማን ነው ልጄ? ታክሲ የሚሳፈር ሰው አይደለም?»

«እማማ፣ ይሄ እርስዎን አይመለከትም።»

እሺ፣ አይመልከተኝ። ለሙሽሮቹ የመጀመሪያ ጭፈራ ያለውን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠ። ባሱ ገባ፤ የልጄ ተረከዝ ወለሉን መታ መታ አደረገ። ወዲያው ባሱ ጠፋ። ከበሮና ማሚቶ ብቻ ቀረ። ተረከዟ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የሰዉን ፊት ፊት እያየች፣ ማንም ሳይስቅ ሳቀች። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት እንዲህ ብትቆምስ?

ሊቁ ዓይኑን ጨፍኗል። «ጥበቡ እዚህ ጋ ነው! ዝምታውን ስሙት!»

«ዝምታ ለመስማት ነው አዳራሽ የተከራየነው?» አልኩት።

ሙሽራው አጎቱ ፊት እጁን አጣምሮ መሬት መሬት ያያል። ልጄን የሚጠብቅልኝ ይሄ ነው እንግዲህ!

«ሙሽሪት፣ ወደድሽው?» አለ ሊቁ። ጀርባዋን ሰጥታ ሻይ ትቀዳለች። ደገመው። እሷ ስኳር ታማስላለች።

«ገና ሳትገባ ንቀት!» አለ ወደ እህቱ፣ ወደ ሙሽራው እናት ዞሮ። አማቷም ቅንድቧን አነሳች።

«ኧረ ሐሳብ ገብቷት ነው! ሰርግ እኮ ነው፣ እንቅልፍ የላትም» አልኩ፤ ከአፌ የሚወጣውን አላውቀውም። ለካ ዞራ ከንፈሬን እያየች ኖሯል።

ሻዩን አስቀመጠችና ሄዳ መዳፏን ድምፅ ማጉያው ላይ አሳረፈች።

«አልናቅኩዎትም ጋሼ። አልሰማም። ባሱ ሲጠፋ መሃል ላይ ብቻዬን ነው የምቀረው። እየቀየሩ ያጫውቱልኝ፣ እኔ እመርጣለሁ።»

ሊቁ ጥርስ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው አፉን በረገደው። «ታዲያ! ሬጌ! ምን! ያደርግልሻል!»

«አይጩሁ ጋሼ፤ ከንፈርዎ ተበላሸብኝ።»

ሙሽራው ይሄኔ ነው ምላሱ የተገኘው። «እኔ አውቃለሁ። አጎቴ፣ አጫውት» አለ። ሊቁ እየተነጫነጨ ይቀይር ጀመር። እሷ መዳፏን ታሳርፍና ራሷን ትነቀንቃለች፤ ይሄም አይሆንም፣ ያም አይሆንም። ከካርቶኑ ሥር አንድ ሸክላ ወጣ፤ ከሁሉም ይልቅ የተጫረው፣ ልባሱ የተቀደደው እሱ ነው። ያው እሱ የናቀው፣ በየታክሲው የሚሰማው ዘፈን!

«ይሄ በስህተት የገባ ነው» አለ ሊቁ ፊቱ ቀልቶ። በስህተት ገብቶ ነው እንዲህ ያለቀው?

ልጄ መዳፏን አላነሳችም። «ይሄ» አለች። ሙሽራው ተነስቶ እጇን ያዘ፤ ባሱ እየገፋ፣ እነሱ እየተከተሉት ሳሎኑን ዞሩት። አንዴም አልሳተችው።

«ቢያንስ ሁለተኛውን ዘፈን እኔ...» ብሎ ጀመረ ሊቁ።

«ዝም በል አንተ!» አለችው እህቱ። «እንዴት እንደምትጨፍር እግሯን ልይበት።»