አቼቶ ውስጥ ያደረ እንቁላል

የሙንተሲርን ውሸት አገሩ ሁሉ ይወድለት ነበር። አርዲቦ ሐይቅ ላይ ያጠመደው ዓሣ እሱን ከነታንኳው ጎትቶ፣ ኮረብታ አሻግሮ፣ ሐይቅ ከተማ ገበያ መሀል እንዳራገፈው ሲያወራ ሽማግሌው ሳይቀር ሆዱን ይዞ ይስቃል። ክፋቱ፣ ከጅቡቲ በረሃ ተመልሶ አሸዋ ላይ የቀሩትን ልጆች ሲናገርም ሳቁለት።

አሁን ታናሽ እህቱ ኢልሀም በዚያው መንገድ ልትሄድ ነው። ደላላው ለሐሙስ ጠዋት ቀጥሯታል። ሙንተሲር ለመነ፣ ተቆጣ፤ የሰማው የለም። እናቱ ኑርሀያት የምትሰማው ገድን ብቻ ነው። መንገደኛ በሚነሳበት ጠዋት ዶሮዋ የጣለችውን እንቁላል ሳታይ ማንንም አትሸኝም።

ከሰባተኛ ክፍል ትምህርቱ ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረች አንዲት ነገር ነበረች፦ አቼቶ የእንቁላል ቅርፊት ይበላል። ሐይቅ ወርዶ አቼቶ ገዛ፤ ጆግ ውስጥ አንድ እንቁላል በአቼቶው ዘፍዝፎ አልጋው ሥር ሸሸገው። ጆሮውን ሲያስጠጋ እንደ ተከፈተ ለስላሳ መጠጥ ሽሽ ይላል። ነጩ ቅርፊት በአረፋ ተበልቶ አለቀና አስኳሉ በስስ ቆዳ ውስጥ የሚዋልል ልፍስፍስ ነገር ቀረ። የገዛ እጁ ሥራ ሆኖ ሳለ ቀፈፈው። ሽታው እስኪለቅ አጥቦ፣ ሐሙስ ማለዳ ዶሮዋ ከምትጥልበት ገለባ ላይ አኖረው።

የኑርሀያት ጣት እንቁላሉ ውስጥ ሰጠመ። መዳፏ ላይ እንደያዘችው ቀና ብላ ምሰሶውን አየች፤ ጣራውን አየች።

«መንገዱ ክፉ ነው ማለት ነው፣ እማ» አለ ሙንተሲር ቶሎ ብሎ።

«ቅርፊት ቤት ነው፣ ልጄ። የሚፈርሰው ይሄ ቤት ነው። ሳይበላት ትውጣ።»

ኢልሀምን ቁርስ እንኳ አላስቀመሰቻትም፤ ሻንጣዋን ራሷ ተሸክማ ደጅ አወጣችላት። ሙንተሲር እናቱ ጉልበት ላይ ወደቀ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት። ወላሂ፣ በአቼቶ ነው።»

«ያ ዓሣህ ነው ያስተማረህ?» አለች ኢልሀም፤ እናቷም በጭንቀቷ መሀል ፈገግ አለች።

ሮጦ ሌላ እንቁላል አመጣ፤ የተረፈውን አቼቶ ጆግ ውስጥ አፍስሶ ከተተው። ጥቃቅን አረፋ ብቻ ወጣ። ኑርሀያት እንቁላሉን አንስታ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። ቋ፣ ቋ።

«ደኅና እንቁላል ነው» አለች።

«እስኪሟሟ ይቆያል እኮ። እስከ ነገ ብቻ ጠብቁኝ።»

የደላላው ባጃጅ ደጅ ላይ ጡሩምባውን ነፋ። ኢልሀም እየሳቀች እጇን አውለበለበችለት፤ አቧራው ሸፈናት።

በማግስቱ ስልኳ ዝግ ነበር። ሙንተሲር ሲደውል፣ ሲደውል፣ እናቱ ከኋላው መጥታ ጆጉ ውስጥ እጇን ከተተች። ጣቷ እንቁላሉ ውስጥ ሰጠመ።

ልፍስፍሱን እንቁላል በሁለት መዳፏ አቀፈችው።

«እንደገና ደውል» አለችው።