ከድንጋዩ ሥር ቀጭ የሚለው

ሰዓት ሠሪው ዕድሜውን ሙሉ ድምፅ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነው። ሰዓቱን ጆሮው ላይ ለጥፎ የትኛው የማርሽ ጥርስ እንደተበላ ይናገር ነበር። ሱቁን ከዘጋ፣ ሚስቱም ካረፈች ወዲህ ግን የሚያዳምጠው አጥቷል። ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት ሳሎን ውስጥ «ቀጭ» የሚል ነገር ሲሰማ ከመደንገጥ ይልቅ ደስ አለው። እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ በዚያ ቤት ከእሱ ሳል ሌላ ድምፅ ከተሰማ ቆይቶ ነበር።

ድምፁ የመጣው ከሴት ልጁ አኳሪየም ነው። ልጁ ለሥራ ሩቅ ስትሄድ ይህን በጨው ውሃ የተሞላ የመስታወት ገንዳ ከነድንጋዩ፣ ከነፓምፑ፣ ጣት ከሚያክል አንድ ቢጫ ዓሣ ጋር ትታለት ሄዳለች። ዓሣው ቀኑን ሙሉ ከድንጋዩ ሥር ባለች ጉድጓድ ደጃፍ ላይ ንቅንቅ ሳይል ስለሚቆም «ዘበኛው» ብላ ሰይማዋለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች። «አባዬ፣ ዘበኛው እንዴት ነው?» ትለዋለች። ስለ ጨዉ ትጠይቃለች፣ ስለ ውሃው ሙቀት ትጠይቃለች፤ እሱም የሙያ ነገር ሆኖበት ከነነጥቡ ይነግራታል። ስለ ራሱ አትጠይቀውም ማለት አይደለም። «አንተስ ደህና ነህ?» ትላለች፤ «ደህና ነኝ» ይላል፤ በዚሁ ያልቃል። አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በዓሣው በኩል ነበር።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን «ቀጭ» ሲል ጎንበስ ብሎ ውሃውን ያይ ነበር። እሱ ግን ቀጭ የሚል ነገር ሁሉ የተበላሸ ዕቃ ይመስለዋል። ፓምፑን ነቅሎ ፈታው፤ ጤነኛ ነው። መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋውን ዕቃ ፈታው፤ እሱም ጤነኛ ነው። በመጨረሻ የውሃ ማሞቂያውን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስተኛውና፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ወረንጦውን ይዞ ሆድ ዕቃውን ዘረገፈው። ከዓመት በኋላ የሚፈታው ነገር ስላገኘ ምሳውንም ረሳ። ወቅቱ ብርድ ነበር። ማሞቂያው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቀን ዋለ፣ አደረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ገጣጥሞ ሊመልሰው ወደ ገንዳው ሲሄድ ዘበኛው በጎኑ ተጋድሞ ጠበቀው።

ማሞቂያውን እንደያዘ እዚያው ቆሞ ሳለ ከድንጋዩ ሥር «ቀጭ» አለ። ለካስ ከዕቃዎቹ አንዱም አልተበላሸም ነበር።

እሑድ ልጁ ደወለች።

«አባዬ፣ ዘበኛው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። በሩ ላይ ቆሟል» አላት፤ ምላሱ ቀደመው።

ዓሣው ሞቷል ቢላት ገንዳውን ለሰው ስጠው ትለዋለች። ገንዳው ከሄደ ደግሞ እሑድ ምን ብላ ትደውላለች? ይህን አሰበ፤ ማሰቡም አሳፈረው። ሰው ጥፋቱ ሲከብደው የሚያሸክመው አያጣምና፣ ውሎ አድሮ ያ ከድንጋዩ ሥር ያለው ነገር ነው ዓሣውን የጨረሰው እያለ ራሱን ማሳመን ጀመረ። መያዝ አለበት፤ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ወንበር ስቦ ገንዳው ፊት ተቀመጠ። በመጀመሪያው ቀን ምንም አላየም። በሁለተኛው ቀን ከጉድጓዷ ሁለት ቀያይ ጢሞች ወጥተው አሸዋውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ተመለሱ። በአራተኛው ቀን የፍጡሩን እጆች አየ። አንዱ ቀጭን ነው፤ ሌላው ግን አብጦ ቡጢ የጨበጠ ይመስላል። ያንን እጁን ገጠም ሲያደርገው ነው ቀጭ የሚለው። ሰዓት ሠሪው የስልክ ፎቶ አይሆንለትም፤ ድሮ የጠፋ የሰዓት ጥርስ ሲያሠራ እንደሚያደርገው እርሳስ ቀርጾ፣ ልኩን ጠብቆ ሣለውና ወረቀቱን ይዞ ለቤት ገንዳ የሚሆን ዓሣ ወደሚሸጥ ሰው ሄደ።

ዓሣ ሻጩ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋው። «ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው የሣለው?»

«እኔ ነኝ። ዓሣ ይገድላል አይደል?»

«ኧረ እሱ ምን በወጣው! ተኳሽ ሽሪምፕ የሚሉት የባሕር ፍጥረት ነው፤ የሚተኩሰው በዚያ ትልቅ እጁ ነው። ትንሽ ሆኖ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ እዚያው አድጎ ይሆናል። ለምን፣ ገንዳው ውስጥ ጉድጓድ በር ላይ የሚቆም ዓሣ አለዎት?»

«ነበረ።»

«በሉ ያ ዓሣ ጓደኛው ነው። ሽሪምፑ እምብዛም አያይም። እሱ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ዓሣው ደጁ ላይ ቆሞ ያይለታል። ሲወጣ ጢሙን ዓሣው ላይ አሳርፎ ነው። ዓሣው ውዝወዝ ካለ አደጋ መጣ ማለት ነው፤ ሮጦ ይገባል።»

«ዓሣው ባይኖርስ?»

«እንግዲያ ምን ያደርጋል? ጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጣላ።»

ሰዓት ሠሪው ወረቀቱን አጠፈው። ገዳይ ሊያስይዝ መጥቶ የሟቹን ጓደኛ አገኘ። የገደለው ማን እንደሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ ለራሱ መካድ አልቻለም። እንባውን ለመሸሸግ ዞር ቢል ከኋላው ባለው ገንዳ ውስጥ አንድ ቢጫ ዓሣ ቆሞ ያየዋል፤ ቁርጥ ዘበኛውን።

ዓሣውን በፕላስቲክ አስይዞ ቤቱ ወሰደው። አዲሱ ዓሣ ግማሽ ቀን ሲዞር ውሎ ጉድጓዷ በር ላይ አረፈ። ጢሙ ብቅ አለ፤ ውሃውን የሚፈትሽ ይመስል ወዲህ ወዲያ ካለ በኋላ የዓሣውን ጭራ ነካ። እዚያው ላይ ቀረ። ሰዓት ሠሪው ከወንበሩ ተነስቶ ሻይ ጣደ፤ ለአንድ ሰው።

እሑድ ልጁ ደወለች። «አባዬ፣ ዘበኛው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። እንዲያውም ጓደኛ አለው፤ ሽሪምፕ ነው።» እንደምንም ፎቶ አንስቶ ላከላት።

«ውይ፣ ሲያምሩ! ወፍሯል ደግሞ፣ ጥሩ ይዘኸዋል። አንተስ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«በል ሁሉም ደህና ከሆነ ልተውህ፤ ልብስ እያጠብኩ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰዓት ሠሪው በሕይወቱ እንዲህ ያለ የተሳካ ጥገና ሠርቶ አያውቅም፤ የዓሣው ባለቤት እንኳን አልለየችውም። ምንም የቀረ ነገር አልነበረም፤ የሚያወራውም ጭምር። ከፊቱ ሙሉ ሳምንት ተዘርግቷል። ስልኩን አንስቶ ራሱ ደወለ። እስከዚያ ቀን ደውሎላት አያውቅም።

«አባዬ? ምን ሆንክ?» ድምፅዋ ደንግጧል።

«ዘበኛው ሞቷል። ያየሽው ሌላ ዓሣ ነው። በብርድ ማሞቂያውን ፈትቼ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ... አሁን ለምን ነገርከኝ? ዝም ብትል እኮ አላውቅም ነበር።»

«አዎ፣ አታውቂም ነበር። ግን ልጄ፣ ደህና ነው ባልኩሽ ቁጥር ስልኩን ትዘጊዋለሽ።»

ከወዲያ በኩል ማጠቢያ ማሽኑ ውሃውን ሲያፈስ ይሰማው ነበር። ልጁ ስልኩን አልዘጋችም።