ከንፈር ላይ የቆየ ክኒን

እናቴ ክኒን አትውጥም፤ ክኒን ትይዛለች። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋች ሴት ናት። እስፒሎቿን በከንፈሯ ነክሳ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ደንበኛ ትቆጣለች። ከሦስት ወር በፊት የደም ማነስ ክኒን ሲታዘዝላት እሱንም እንደ እስፒል ያዘችው። ጠዋት ከንፈሯ መሃል ጣል ታደርገዋለች፤ የጀመረችውን ስፌት ዳር ሳታደርስ ግን ውሃ አታነሳም። «እማ፣ ዋጪውና ገላግዪን» ስላት፣ «በአርባ ዓመት አንድ እስፒል አልዋጥኩም፣ ይሄ ምን ያመጣል?» ትለኛለች። እሷን ተከራክሮ የረታ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ሱቃችን አንድ ክፍል ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ መስታወት፣ እኛ ሁለታችን። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ እሷ የሰፋችውን እኔ ፈትቼ እንደገና እሰፋለሁ፤ ያውም እንዳይከፋት ተደብቄ። ደክሞኝ ነበር። ይህን አልሸሽግም።

የዛሬ ወር ገደማ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የአሥራ አንድ ተማሪ ሱሪ ግርጌውን ገልብጣ ሰፍታ አገኘኋት። ክኒኑ ከንፈሯ ላይ ነበር፤ አይቼዋለሁ። «በቃ ተዪው! ሰለቸሽኝ! ቤትሽ ቁጭ በዪልኝ!» ብዬ ጮህኩባት። ልትመልስልኝ አፏን ከፍታ አየር ሳበች፤ ትን አላት። ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ጠረጴዛውን በመዳፏ ትመታው ጀመር። ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩላት፣ ውሃ ሰጠኋት። ሳሉ ጋብ ሲል «ወርዷል» አለች። የት እንደወረደ አልጠየቅኳትም። ቁጭ ብዬ ሱሪዎቹን መፍታት ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሳል አልለቃት አለ። ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ጉንፋን ነው ተባለና ሽሮፕ ተሰጣት። ተመልሰን ሄድን፤ የሳንባ ምች ነው ተባለና መርፌ ተወጋች። ነርሱ «በቅርቡ ትን ብሎዎት ነበር?» ሲላት ቀድማኝ «ኧረ የለም!» አለች። እኔም ዝም አልኩ። እንዴት ትን እንዳላት መናገር ማለት እኮ ምን ብዬ እንደጮህኩባት መናገር ነው። ሰነበተና ደረቷ ያፏጭ ጀመር፤ ትናንት አክታዋ ላይ ደም አየሁ።

ዛሬ ትልቁ ሆስፒታል ገባን። ጉሮሮዋን አደንዝዘው ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ ሳንባዋ አወረዱ። ሲጨርሱ ሐኪሟ አልጋዋ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«የቀኙ የአየር ቧንቧዎ ውስጡ ተቃጥሏል፣ እማማ። ዝገት የመሰለ ነገርም ተለጥፎበታል። ትን ያለዎት ነገር አለ? ምን እንደሆነ ካላወቅኩ ይሄን ነው ያን ነው እያልኩ ስመረምር ጊዜ ይሄዳል። ቧንቧው ደግሞ እየጠበበ ነው።»

እናቴ በሰለለ ድምፅ «ምንም የለም» አለች፤ አንሶላው ሥር እጄን ጭምቅ አደረገችኝ።

«ክኒን ነው» አልኩ። «የደም ማነስ ክኒን፤ ወር ሊሞላው ነው። ከንፈሯ ላይ እያለ ጮኼባት ነው ወደ ውስጥ የሳበችው። ሰለቸሽኝ ብያት።»

«ዶክተሯ የጠየቀችው ስለ እኔ ነው፤ አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለች እናቴ።

ሐኪሟ ጻፈች። «ክኒኑ ብረት አለው። እዚያ ውስጥ ሲሟሟ ሥጋውን ያቃጥለዋል። ያን ቀን ብትመጡ ኖሮ ሳይሟሟ እናወጣው ነበር» አለች። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ እናቴ ዞረች። «ጠባሳው ቧንቧውን እንዳይዘጋው በየሁለት ሳምንቱ እየመጡ እናሰፋዋለን። ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ማደንዘዣ ስላለው ብቻዎን መምጣት አይችሉም።»

እናቴ ወደ እኔ አላየችም። «ታዲያ ማን ያመጣኛል?» ብላ ሐኪሟን ጠየቀች፤ ልክ ልጅ እንደሌላት ሴት።

ያኔ ገባኝ። ወር ሙሉ የዋሸችው የእኔን ገበና ልትሸፍን ብቻ አልነበረም። ከነበሽታዋ ጭራሽ እንዳትሰለቸኝ ፈርታ ነው።

«እኔ ነኛ!» አልኩ።

«ደክሞሻል እኮ።»

«ደክሞኛል፣ እማ።» እንባዬ ቀደመኝ። «ደክሞኛል፤ ግን አመጣሻለሁ።»

ሐኪሟ የቀጠሮውን ወረቀት ስትዘረጋ እናቴ ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ ማንበብ ሲያቅታት ለእኔ ሰጠችኝ።

«ማክሰኞ ነው» አልኳት።

«ሁለታችንም ከመጣንማ ሱቁ ሊዘጋ ነው።»

«ይዘጋ» አልኩ።