ስም የሌለባቸው ካርዶች

ርዕሰ መምህሩ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጨርሱ ወደ ሟች እህት ጆሮ ጎንበስ አሉ። ያንሾካሾኩ መስሏቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰልፍ ላይ ሲጮሁ የኖሩ ሰው ናቸውና ሹክሹክታቸው ጓዳ ድረስ ይሰማል፤ የሟች አንድያ ልጅ ችኩሌም ብርጭቆ እያጠበች አንድ ቃል ሳያመልጣት ሰማች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እናቷ ዕድሜዋን የጨረሰችበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሰኞ ርክክብ ይደረጋል። ከመደርደሪያው ስድሳ ሁለት መጽሐፍ ጎድሏል፤ ማን እንደወሰደው የሚናገር አንድም ስም አልተገኘም። እስከ ሰኞ ካልተገኘ «በኃላፊዋ እጅ የጠፋ» ተብሎ ይጻፋል፤ ክፍሉም ተዘግቶ የተሰባበረ ወንበር ማጎሪያ ይሆናል።

ችኩሌ ብርጭቆውን ከነአረፋው አስቀምጣ ወጣች።

«እናቴ መጽሐፍ አታጠፋም።»

«እኔስ መቼ ጠፋኝ፣ ልጄ» አሉ ርዕሰ መምህሩ ደንግጠው። «ሰልፍ ላይ ‹የወሰደ እጁን ያውጣ› ብል ሁሉም መሬት መሬት ያያል። የውሰት ካርዶቹን ባያቸው ደግሞ ቀልድ ነው የተጻፈባቸው። ምናልባት ላንቺ ከገባሽ ብዬ ይዣቸው መጣሁ።»

ከእግራቸው ሥር ካለው ፌስታል አንድ የጫማ ካርቶን አውጥተው ሰጧት። አክስቷ ፊቷን አጠቆረች። እህቷ ከተቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሷን ግን አፈሩ ሳይደርቅ ሊቀብሩት ነው» ብላ አጉረመረመች።

ችኩሌ ካርዶቹን ስታይ ከእናቷ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ፈገግ አለ። በእያንዳንዱ ላይ የመጽሐፉ ቁጥርና ቀኑ አለ። የተበዳሪው ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ ግን በእናቷ ድብልብል ፊደል ጥያቄ ተጽፏል። ባሕር ውስጥ ጨው ማን ጨመረ? የአያቴ ጥርስ ድጋሚ ለምን አይበቅልም? ዝንብ እጇን ለምን ታፋትጋለች?

ችኩሌ ያደገችው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ከትምህርት በኋላ እናቷ ሥራ እስክትጨርስ ትጠብቃለች፤ እናቷ ደግሞ ሥራ ጨርሳ አታውቅም። በሩ አጠገብ ተቀምጣ የገባውን ሕፃን ሁሉ «ምን ልታውቅ መጣህ? ምን ልታውቂ መጣሽ?» ትላለች። ጥያቄ የሌለው መጽሐፍ አያገኝም፤ ግቢ ወጥቶ ፈልጎ ይምጣ። አንድ ቀን የሦስተኛ ክፍል ልጆች በሙሉ ጉንዳን እየተከተሉና ግንብ እያንኳኩ ጥያቄ ሲያድኑ፣ አስተማሪያቸው ክፍሉ ባዶ ሆኖበት ሊያብድ ደርሶ ነበር። መጽሐፉን ሲመልሱ መልሱን በቃላቸው ይነግሯታል። ያላገኘ አይቀጣም፤ ሌላ መጽሐፍ ይጨመርለታል። ስማቸውን ለምን እንደማትጽፍ ስትጠየቅ «ስሙን የሚረሳ ልጅ የለም፤ ጥያቄውን ግን ይረሳል» ትል ነበር።

ችኩሌ ግን እነዚህ ልጆች እነማን እንደሆኑ በምን ታውቃለች? መላው ስለጠፋት አንዱን ካርድ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«ዝንብ እጇን ለምን ታፋትጋለች?»

ለቀስተኛው ዞር ዞር ብሎ ተያየ። ከአንዷ ጎረቤት ጉያ ሥር እስካሁን ትንፍሽ ያላለች አንዲት ትንሽ ልጅ ብድግ አለች።

«እጅ አይደለም፣ እግር ነው» አለች። «የምትቀምሰው በእግሯ ነው። ቆሻሻ ከያዘው ጣዕም አይሰማትም፤ ለዛ ነው የምታጸዳው።»

«ታዲያ መጽሐፉን ለምን አልመለስሽም?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«መልሱን የምንነግረው ለእሳቸው ነዋ። ሆስፒታል ናቸው ሲሉን፣ እስኪመጡ እየጠበቅን ነበር።»

ችኩሌ ካርዱን እንደያዘች ወደ ልጅቷ ተጠጋች። መጽሐፎቹ አልጠፉም! ሁለት ወር ሙሉ በየቤቱ ትራስ ሥር እናቷን ሲጠብቁ ነው የከረሙት። «ሂጂ አምጪው» አለቻት፤ ልጅቷም እግሬ አውጪኝ ብላ በረረች።

ወሬው ክንፍ አወጣ። በማግሥቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ ለቅሶ ቤቱ በር ላይ የሕፃናት ሰልፍ ተሠራ። ሁሉም መጽሐፉን ደረቱ ላይ ለጥፏል። ችኩሌ ጥያቄውን ታነባለች፤ ባለቤቱ ይመልሳል፤ ከዚያ ካርዱና መጽሐፉ አብረው ይቀመጣሉ። ፊቷ ግሏል፣ ጸጉሯ ተበታትኗል፤ የተሰማትን ነገር ደስታ ብላ ለመጥራት አፈረች እንጂ ደስታ ነበር። አክስቷ መጀመሪያ ላይ «ለቅሶ ቤት እንዲህ ይሳቃል?» ብላ ተቆጣች። ከአሥረኛው ልጅ በኋላ ግን ወንበሯን ስባ ተጠጋችና «እስቲ የጥርሱን ጥያቄ አንብቢው፣ የእኔም ነገር ነው» አለች።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ መካኒክ ግራሶ የጠገበ መጽሐፍ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ካርዱ የአሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ አለው። ሞተር ሲቆም ያመዋል?

«አያመውም» አለ መካኒኩ። «የሚያመው ባለቤቱን ነው።» ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እሱ ግን ሳቁን ሳይጨርስ ዓይኑን ጠረገ።

አመሻሹ ላይ ርዕሰ መምህሩ መጡ። ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ ስድሳ አንድ። ከልጆቹ መሐል ወለሉ ላይ ተቀምጠው የመጨረሻዎቹን መልሶች ሲሰሙ ከቆዩ በኋላ፣ ለወንበሮቹ ሌላ ቦታ እንደሚፈልጉ፣ በሩም ሰኞ እንደሚከፈት ተናገሩ።

«አንዷስ?» አሉ።

ችኩሌ የካርቶኑ ሥር የቀረችውን ካርድ ቀድማ አይታታለች። ወረቀቷ ወይቧል። እማዬ ከእኔና ከመጽሐፎቿ ማንን ትወዳለች?

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ተናዳ ነው የጠየቀችው። እናቷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። እንደማንኛውም ልጅ ጥያቄ ጽፋ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ሰጠቻት። «የመጨረሻው ገጽ ላይ የለም፣ ችኩሌ። ሙሉውን አንብቢው» አለቻት። ችኩሌ ግን እንደ ልማዷ፣ ስሙንም ባወጣላት ልማድ፣ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አንብባ ልብስ ሣጥኗ ውስጥ ወረወረችው። ነርስ ሆና ከቤት ስትወጣም ሣጥኑን ትታው ሄደች።

ተነስታ ወደ ቀድሞ ክፍሏ ገባችና መጽሐፉን ይዛ ተመለሰች። ርዕሰ መምህሩ ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ።

«ገና አልጨረስኩትም» አለች።

ካርዷን ብቻዋን ወደ ካርቶኑ መለሰቻት። ከዚያ በእናቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ገለጠችው።