የክሊፑ ሙሽራ

«መጣ?» አለ ሚሊዮን ከቆርቆሮው ጣራ ላይ፣ ዲሹን በሁለት እጁ አንቆ።

«ገና!» አሉ አቶ ደበላ ከሳሎን።

«አሁንስ?»

«መጣ! መጣ! እንዳትነካው!»

ሚሊዮን ነካው።

«ሄደ! ኧረ ይሄ ምን ዓይነት ልጅ ነው!»

አምስተኛ ጊዜው ነው። ከቀራንዮ እስከ ዓለም ባንክ ሚሊዮን ያልወጣበት ጣራ የለም፤ ዲሽ ማስተካከል ለሱ አፍንጫ እንደ መናፈጥ ነው። ዛሬ ግን ሰውየው የፈለጉት ቻናል እንዳይመጣ ላብ በላብ ሆኖ እየታገለ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳይመጣ የፈራው ደግሞ ራሱን ነው።

የዛሬ አስር ዓመት አንድ ዘፋኝ ክሊፕ ሊያሠራ ሲል ሙሽራ ጠፋ። ሚሊዮን ያኔ ሥራ ፈት፣ አፈ ጮሌ፣ ግን መልኩ የማይታማ ጎረምሳ ነበር። ሱፍ አለበሱት፣ በቅሎ ላይ ሰቀሉት፣ የዳይሬክተሩን ሚስት ቬሎ አልብሰው ከጎኑ አስኬዱለት። መጨረሻ ላይ በቅሎዋ አሽቀንጥራ ጭቃ ውስጥ ጣለችው። ዳይሬክተሩ «ይሄ እንዳይቆረጥ!» አለ። ያ ክሊፕ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ በቴሌቪዥን ሲለቀቅ፣ ሚሊዮን በየፌርማታው «ሙሽራው!» እየተባለ ደረቱን ነፍቶ ኖረ።

መዘዙ አሁን መጣ። ባለፈው እሑድ የአቶ ደበላን ልጅ ኤልሻዳይን ሊጠይቁለት ሽማግሌዎች ሄደው፣ «አጣርተን እንነግራችኋለን» ተብለው ተመለሱ። ሲጣራ ጎረቤትየው ይመር ብድግ አለና፣ «ሚሊዮን የምትሉት ባለትዳር ነው! ሠርጉን በቴሌቪዥን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አለ። አቶ ደበላ የልጁን መልክ አያውቁትም። «እንግዲያው ያ የዘፈን ቻናል ሲደግመው እኔም ልየው» ብለው፣ ዓመት ሙሉ ተበላሽቶ የተቀመጠውን ዲሽ ሊያሠሩ ኤልሻዳይን «ሠራተኛ ጥሪ» አሏት። ጠራችላቸው። «ወንድሙ ይባላል» ብላ፣ ቻናሉን እንዲያሰናክልላት፣ የራሷን ጉድ ሚሊዮንን አምጥታ ጣራ ላይ አወጣችው።

አሁን መሰላሉ ሥር ቆማ ታንሾካሹካለች።

«በቃ ልቀቀው! አባዬ እየጠረጠረህ ነው።»

«ክሊፑ ቢመጣስ?»

«ከመጣ እንችለዋለና! አንተ ደግሞ፣ በቅሎ ላይ ስትወጣ አልፈራህ!»

ሚሊዮን ዲሹን አስተካክሎ ብሎኑን አጠበቀ።

«መጣ!» አሉ አቶ ደበላ። «አሁን ውረድ፣ ሁለተኛ እንዳትነካው!»

የኤልሻዳይ እናት ወይዘሮ ጉዲቱ ሻይ በዳቦ አቀረቡለት። ሶፋው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ተቀመጠ። ቴሌቪዥኑ ላይ መዋኛ ያለው ፎቅ ታየ፤ ባለ ረጅም ተረከዝ ሴትዮ «ፈጥነው ይመዝገቡ!» ትላለች። ከዚያ አራት ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ከዚያ ፎቁ ተመለሰ። ደግሞ አራቱ ሰዎች። ሚሊዮን በየመሃሉ አንድ ጉንጭ ሻይ ይውጣል፣ አንድ ጸሎት ያደርሳል። አንድ ሰዓት አለፈ።

«ይሄ የዘፈኑ ቻናል አይደለም እንዴ?» አሉ አቶ ደበላ።

«እሱው ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ ዘፈኑ የታለ? ከጠዋት እስከ ማታ አይደል እንዴ ሲያስጨፍር የሚውለው?»

«ቀረ እኮ። ዘፈኑ ተጠቅልሎ ስልክ ውስጥ ገባ። እዚህ የቀረው ወሬና ፎቅ ነው።»

«ቀረብን በለኝ!» አሉ ወይዘሮ ጉዲቱ። «ስንት የሚያምር ሙሽራ ያሳዩን ነበር።»

ሚሊዮንን ሻዩ ትን አለው።

ፎቁ ለአራተኛ ጊዜ መጣ። አቶ ደበላ አፍጥጠው አዩትና ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነው።

«ይሄን ፎቅ አየኸው? ይመር የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ የዛሬ ሦስት ዓመት እዚችው ላይ አይቶ ተመዘገበ። ባለፈው አብሬው ሄድኩ። ጉድጓድ ነው! እንቁራሪት ይጮኽበታል!»

«መዋኛውማ አልቋላ፣ አባባ» አለ ሚሊዮን፤ ምላሱ ቀድሞት።

አቶ ደበላ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሪሞቱን አነሡና ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረጉት።

«እኔ ደግሞ የሱን ወሬ ይዤ ዲሽ አሠራለሁ! ፎቅ ባየበት ዓይኑ ነው ሠርግም ያየው። ጉዲቱ፣ ለሽማግሌዎቹ ደውይላቸው፣ እሑድ ይምጡ። ልጁን ራሱን እጠይቀዋለሁ።»

ሚሊዮን ከትከሻው ላይ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ የወረደለት መሰለው። ኤልሻዳይ በር ሥር ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ፒንሳውን ኪሱ ከተተ፣ ቦርሳውን አነገተ። ከበሩ የቀረው ሦስት እርምጃ ነው።

«አንተ፣ ስምህን ማን አልከኝ?» አሉ አቶ ደበላ። «ጨዋታ ታውቃለህ፤ ሌላ ጊዜም እጠራሃለሁ።»

ኤልሻዳይ ከኋላቸው ሆና ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ «ወን-ድ-ሙ» አለች። ሚሊዮን እሷን አየ፣ የጠፋውን ቴሌቪዥን አየ፣ አቶ ደበላን አየ። አሁንም ሳቃቸው አልለቀቃቸውም።

ቦርሳውን መልሶ አወረደ። መጥቶ አጠገባቸው ቁጭ አለና ስልኩን አውጥቶ ክሊፑን ከፈተ።

«ሚሊዮን እባላለሁ፣ አባባ። መነጽርዎን ያድርጉ፤ መጨረሻው ላይ በቅሎዋ ትጥለኛለች።»